ሶፍት ስቶሪ ምንድን ነው?

ሶፍት ስቶሪ የሚባለው በባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ከበላዩ ካለው ወለል ይልቅ ለጎን ግፊት በቀላሉ የሚለመጥ ወለል ነው። ሕንፃው በዕለት ተዕለት አገልግሎቱ ክብደቱን ወደ ታች ሲያወርድ በዚህ ወለል ላይ ምንም እንከን አይታይም፤ ጉድለቱ የሚገለጠው መሬቱ ወደ ጎን ሲናወጥ ነው። በአሜሪካ ደንብ ካሉት መመዘኛዎች አንዱ እንደሚለው፣ የአንድ ወለል ግትርነት (ወደ ጎን ሲገፋ ያለመለመጥ አቅሙ) ከበላዩ ካለው ወለል ግትርነት ከ70 በመቶ በታች ከሆነ በዚህ ስም ይመደባል፤ ከ60 በመቶ በታች ሲወርድ ደግሞ እጅግ የከፋ ተብሎ ይለያል።

በደሴ ፒያሳና ሰኞ ገበያ፣ በኮምቦልቻም ዋናውን መንገድ ይዞ የቆመውን ጂ+3 ወይም ጂ+4 ሕንፃ ላስተዋለ ሰው ይህ ወለል ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። ምድር ወለሉ ለሱቅ ስለሚፈለግ ፊቱ በመስታወትና በብረት በር ይያዛል፣ ውስጡ ያለ ግድግዳ ይተዋል፣ ጣሪያውም ለዕቃ ማስቀመጫ ቆጥ እንዲመች ከፍ ይደረጋል። ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ ግን ክፍሎቹ በብሎኬት ይዘጋሉ። ብሎኬቱ በስሌት ላይ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክብደት ብቻ ቢሆንም፣ በኮለንና በቢም (በቋሚ ምሰሶና በአግዳሚ ተሸካሚ) መካከል ተጣብቆ የተገነባ ግድግዳ ሕንፃው ወደ ጎን ሲገፋ ከሁለቱ የተሠራውን ፍሬም ደግፎ ይይዘዋል። በዚህም ምክንያት የላይኞቹ ፎቆች እንደ አንድ ግትር ሣጥን አብረው ሲንቀሳቀሱ፣ መለመጡ ሁሉ በምድር ወለሉ ኮለኖች ጫፍና ጫፍ ላይ ይከማቻል።

ከፍታው ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ እንኳ ቀላል አይደለም። ከላይና ከታች በጽኑ የተያዘ ኮለን ለጎን ግፊት ያለው ግትርነት ቁመቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ በሚገኘው ቁጥር ልክ ይቀንሳል። ውፍረቱ ሳይለወጥ ቁመቱ ከ3 ሜትር ወደ 4.5 ሜትር ቢያድግ፣ 1.5 በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 3.4 ገደማ ስለሚሆን፣ ግትርነቱ ከአንድ ሦስተኛ በታች ይወርዳል። የሱቁን ጣሪያ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ማድረግ ለባለቤቱ የኪራይና የውበት ጉዳይ ነው፤ ለመዋቅር መሐንዲሱ ግን የላይኞቹ ግድግዳዎች ገና ሳይቆጠሩ ወሰኑን ያሳለፈ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ወሎ ይህ ጉዳይ በቸልታ የሚታለፍበት አካባቢ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ የሚገኙት በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው፣ ልኬቱ ከ6 በላይ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። በዚያ ዘመን የተመታው በአብዛኛው አነስተኛ ቤት እንጂ ባለ ብዙ ፎቅ አርማታ አልነበረም። ምድር ወለሉ የተከፈተ ፍሬም ምን እንደሚደርስበት ያሳየችው ቱርክ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ኢዝሚት አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሱቅ የነበረው ወለላቸው ተደፍጥጦ የላይኛው አካላቸው በላዩ ላይ ተቀምጦባቸዋል። ለእንጨት ሕንፃም ቢሆን አደጋው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ ኖርዝሪጅ፣ ከሥሩ መኪና ማቆሚያ የነበረው አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሲደረመስ 16 ሰዎች ሞተዋል።

በደሴ ተዳፋት ላይ ደግሞ የዚሁ ችግር የቅርብ ዘመድ አለ። ቦታው ዘንበል ሲል በአንዱ በኩል ያለው ኮለን ረጅም፣ በሌላው በኩል ያለው አጭር ይሆናል፤ አጭሩ ግትር በመሆኑ የግፊቱን አብዛኛውን ድርሻ ስለሚስብ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። መሠረቱን በደረጃ አስተካክሎ የኮለኖቹን ቁመት ማቀራረብ በዚህ ረገድ ይረዳል።

ለፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ዋናው ቁም ነገር ጉድለቱ በየትኛው የንድፍ ደረጃ እንደሚገባ ማወቅ ነው። የሚገባው በዝርዝር ስሌት ላይ ሳይሆን ባለቤቱና አርክቴክቱ ስለ ሱቁ ስፋትና ከፍታ በሚስማሙበት በመነሻ ንድፍ ላይ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የመዋቅር መሐንዲሱ ብዙውን ጊዜ ገና አልተጠራም። በእኔ እምነት ሥራ አስኪያጁ በዚህ ነጥብ ላይ ሊደራደር አይገባም፤ መሐንዲሱ በመጀመሪያው ውይይት ላይ ሊገኝ ይገባል። ደረጃውን ወይም ሊፍቱን ከመሠረት እስከ ጣሪያ በሚዘልቅ የአርማታ ግድግዳ መክበብ፣ የሱቁን የኋላና የጎን ግድግዳ በአርማታ መሥራት፣ የምድር ወለሉን ኮለኖች ማወፈር፣ ሁሉም በእርሳስ ሥዕል ጊዜ ቀላል ናቸው፤ ሶሌታ (የአርማታ ወለሉ) ከተሞላ በኋላ ግን እያንዳንዳቸው ማፍረስን ይጠይቃሉ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀበለችው፣ በአውሮፓው ላይ የተመሠረተው ደንብም በየመጋጠሚያው የኮለኖቹ መታጠፍን የመቋቋም አቅም ድምር ከቢሞቹ ድምር ቢያንስ 1.3 እጥፍ እንዲሆን የሚጠይቀው ኮለን ቀድሞ እንዳይሸነፍ ነው።

ንድፉ ትክክል ሆኖም ሳይቱ ላይ ሊበላሽ ይችላል። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ያለው ኮለን በዚሁ ደንብ መካከለኛ የመለመጥ ደረጃ (ሳይሰበር መለመጥ በሚችልበት መጠን) ከተነደፈ፣ ከላይና ከታች ጫፉ አካባቢ ስታፋው (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) ከ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ መራራቅ የለበትም፤ የስታፋው ጫፍም 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ አርማታው ውስጥ መግባት አለበት። 90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ የአርማታው ሽፋን ሲረግፍ ይፈታል፣ ፌሮውም ወደ ውጭ ይጎብጣል። ከሁሉ በላይ የሚዘለለው የኮለንና የቢም መጋጠሚያው ነው፤ የቢሙ ብረት ከገባ በኋላ እጅ ስለማያስገባ ስታፋው ሳይታሰር ይቀራል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው መጋጠሚያውን ማየት ያለበት ለሙሌት በተዘጋጀበት ቀን ሳይሆን የቢሙ ብረት ሲታሰር ነው።

ሕንፃው ከተረከበም በኋላ አዲስ ሶፍት ስቶሪ ሊፈጠር ይችላል። ሁለት ሱቅ የተከራየ ነጋዴ መካከላቸው ያለውን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ባለቤቱም በማግስቱ ሌላ ፎቅ መጨመር ያምረዋል። በርክክብ ሰነዱ ውስጥ የማይነኩት ግድግዳዎችና ኮለኖች በቀለም የተለዩበት አንድ የምድር ወለል ሥዕል ቢካተትና ቅጂው ከኪራይ ውሉ ጋር ቢያያዝ፣ ተከራዩም መዶሻ ከማንሣቱ በፊት የሚጠይቀው ሰው ይኖረዋል።