ንዑስ ዝርያ ምንድን ነው? የሁለት ዘንዶዎች የስም ክርክር

የህንድ ዘንዶንና የበርማ ዘንዶን መለየት የፈለገ ሰው ከዓይናቸው ሥር ትኩር ብሎ ይመልከት። በህንዱ ዘንዶ ላይ ከላይኛው ከንፈር ቅርፊቶች ቢያንስ አንዱ የዓይኑን ጠርዝ ይነካል። በበርማው ላይ ግን ትናንሽ ቅርፊቶች ከዓይኑ ግርጌ ተደርድረው ከከንፈሩ ይለዩታል። ቀለሙም ጠቆር ይላል። ታዲያ እነዚህ ሁለት ዝርያዎች ናቸው ወይስ የአንድ ዝርያ ሁለት ቅርንጫፎች?

የአንድ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው፤ ሦስተኛ ቃል ሲጨመርበት ንዑስ ዝርያ መሆኑን ያመለክታል። ንዑስ ዝርያ የሚባለው በአንድ ዝርያ ውስጥ የራሱ መኖሪያ አካባቢና መለያ መልክ ያለው፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲገናኝ ግን የሚዳቀል ስብስብ ነው። ትርጉሙ ቀላል ይመስላል፤ ድንበሩን ማስመር ነው የሚያስቸግረው። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ አየሩ መለወጡን ያውቃል፤ ወይና ደጋው ያበቃበትን ድንጋይ ግን ማሳየት አይችልም። የብዙ እባቦች መልክም ከአካባቢ ወደ አካባቢ የሚለወጠው እንዲሁ ቀስ በቀስ ነው። የእንስሳት ስም አወጣጥ ዓለም አቀፍ ደንብም ቢሆን የትኛው ስም እንደሚቀድም ይወስናል እንጂ ክፍፍሉ ትክክል ስለመሆኑ አይፈርድም።

የሰሜን አሜሪካው አይጥ አዳኝ እባብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥቁሩ፣ ቢጫውና ግራጫው በቀለማቸው ብቻ ለየብቻ ንዑስ ዝርያ ተብለው ኖረዋል። ተመራማሪው ፍራንክ ቡርብሪንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት የዘረ መል ጥናት ግን የዘር ሐረጋቸው ከቀለማቸው ጋር አልገጠመም። ተቺዎችም ዝም አላሉም፤ የተመረመረው ከእናት ብቻ የሚወረስ ዘረ መል ስለሆነ በእሱ ብቻ መወሰን አይገባም አሉ። ተገቢ ተቃውሞ ይመስለኛል።

ወደ ዘንዶዎቹ እንመለስ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ የህንዱን እ.ኤ.አ. በ1758 ሞሉሩስ አለው። ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኩል የበርማውን በ1820 ቢቪታተስ ብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ አደረገው። ኋላ ግን የሞሉሩስ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ቆየ፤ በ2009 ተመራማሪዎቹ ያኮብስ፣ አውሊያና ቦህመ ወደ ዝርያነት መለሱት። ሁለቱ በሚቀራረቡበት አካባቢ ሳይደባለቁ መኖራቸው አንዱ ማስረጃቸው ነበር። ለእኔ ከቀለም ይልቅ ይህ ያሳምነኛል።

ሦስተኛውን ቃል የሊቃውንት ጨዋታ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት የህንዱን ዘንዶ የመዘገበው በአሮጌው ሦስት ቃል ስም፣ ፓይቶን ሞሉሩስ ሞሉሩስ ብሎ ነው። ያስገባውም ከዱር ተይዞ ለንግድ መሸጥ በሚከለከልበት በአባሪ 1 ነው። የበርማው ግን በአባሪ 2 ስላለ በፈቃድ ይሸጣል። አንድ ቆዳ ጉምሩክ ሲደርስ ሕጋዊነቱ በዚህ ልዩነት ላይ ይንጠለጠላል።

በፍሎሪዳ ረግረጋማ ሥፍራ የተስፋፉት ዘንዶዎች ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ወደ 400 የሚጠጉ ዘንዶዎች ዘረ መል ሲመረመር 13ቱ የህንዱን ዘንዶ የዘር ምልክት ይዘው ተገኝተዋል። ሁሉም የተያዙት የበርማ ዘንዶ ተብለው ነበር።