ኢሴንሻል ኦይል «አስፈላጊ ዘይት» አይደለም፣ ሌሎችም የተሳሳትናቸው ነገሮች

እህቴ ከዲሲ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ አስራ ምናምን ትንንሽ ቡናማ ብልቃጥ ኢሴንሻል ኦይል፣ ከተክል የሚወጣ ጠረናም ዘይት ማለት ነው፣ ነበር፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ራሱን ያመመው፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ብጉር የወጣበት ሁሉ ጠብ ይደረግለታል። እኔ ደሞ ነገር ካልመረመርኩ አይሆንልኝም፣ ቁጭ ብዬ ሳነብ ከምንባባለው ግማሹ ልክ እንዳልሆነ ገባኝ።

«አስፈላጊ ዘይት ነው፣ ለሰውነት የግድ ያስፈልጋል»

ይሄ የትርጉም ጣጣ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ቦታ «አስፈላጊ ዘይት» ተብሎ ታገኙታላችሁ፣ ግን ስሙ የመጣው ኢሴንስ ከሚለው ቃል ነው፣ የተክሉ ጠረን እንደማለት። እንደ ኦሜጋ 3 ሰውነት የግድ ከሚፈልገው ቅባት ጋር ዝምድና የለውም። ዘይት ይባል እንጂ ቅባትም አይደለም፣ ወረቀት ላይ ከኑግ ዘይት ጎን ጠብ አድርጋችሁ እዩት፣ የኑጉ እድፉ ይቀራል ያኛው ባብዛኛው ተኖ ይጠፋል። አወጣጡም ከአረቄ ብዙ አይርቅም፣ ቅጠሉ ወይ አበባው በእንፋሎት ይታጠናል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ሄዶ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የብርቱካንና የሎሚው ግን ባብዛኛው ልጣጩ ተጨምቆ ነው። የኮኮናት፣ የአልመንድ፣ የወይራ ዘይት ደሞ እዚህ ውስጥ አይገቡም፣ እነሱ ኢሴንሻል ኦይሉ የሚቀጥንባቸው ናቸው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም፣ ባህር ዛፍ እኮ ስንታጠን ነው ያደግነው»

እኔንም ያሳሳተኝ ይሄ ነበር። ጉንፋን ሲይዘን እናታችን ቅጠሉን አፍልታ ነጠላ ታለብሰንና እንታጠናለን፣ ታዲያ ዘይቱ ምን ያደርጋል? ልዩነቱ መጠኑ ነው። አንድ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ የባህር ዛፍ ዘይት ለመሙላት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቅጠል ይሄዳል፣ እኛ ድስት ውስጥ የምንጨምረው እፍኝ ቅጠል ነው፣ ከሱም ወደ አፍንጫችን የሚደርሰው ትንሽ ነው። ብልቃጡን ግን ትንሽ ልጅ አግኝቶ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ ቢጠጣ ራሱን ሊስትና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ይሄ ከደረሰ እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፣ ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና፣ ብልቃጡን ይዛችሁ በቀጥታ ሆስፒታል። ለጨቅላ ደሞ አፍንጫው ስር ፔፐርሚንት ወይም ሜንቶል ያለበት ነገር መቀባት ትንፋሹን ሊያውከው ስለሚችል እንዳታደርጉት። ድመት ያላችሁም ቲ ትሪ የሚባለውን አትቀቧት፣ ጉበቷ በደንብ አያጣራውም።

«ኦሪጅናል ከሆነ እንዲሁ ይቀባል፣ ሲያቃጥል እየሰራ ነው»

ኧረ ሲያቃጥል እያቃጠለ ነው! ቆዳ ላይ ሳይቀጥን ደጋግሞ መቀባት አለርጂ ሊያስይዝ ይችላል፣ አንዴ ከያዛችሁ ደሞ ሽቶም ሳሙናም ላይ ይከተላችኋል። ለአዋቂ ሰውነት የተለመደው ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ነው፣ 30 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ዘይት ውስጥ ከ6 እስከ 12 ጠብታ በሉት። በውሃ አቀጥነዋለሁ እንዳትሉ፣ ዘይትና ውሃ መች ተስማምተው ያውቃሉ፣ ገንዳ ውስጥ ጠብ ብታደርጉት ላዩ ላይ ተንሳፍፎ እንዳለ ቆዳችሁ ላይ ይለጠፋል። ተጨምቀው የሚወጡት የሎሚ ዘመዶች፣ ላይምና ቤርጋሞት፣ ደሞ ተቀብታችሁ ፀሐይ ላይ ከወጣችሁ ያቃጥላሉ፣ ጤና አዳምን ደቁሶ ቆዳው ላይ አድርጎ ፀሐይ የመታው ሰው ነገሩ በደንብ ይገባዋል፣ ምክንያቱም አንድ አይነት ነው።

«ቴራፒውቲክ ግሬድ የሚል ተጽፎበታል»

«ለህክምና የሚበቃ ደረጃ» እንደማለት ነው፣ የጻፈው ግን ሻጩ ነው። እንደዛ ብሎ ደረጃ የሚሰጥ የመንግስት አካል የለም፣ የማርኬቲንግ ቃል ነው በቃ። ከዛ ይልቅ ዋጋውን እዩ፣ አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ አበባ ይጠይቃል፣ ስለዚህ በማኪያቶ ዋጋ የተገዛ «የጽጌረዳ ዘይት» ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

«የእጣን ዘይት ካንሰር ያድናል»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እጣኑ የኛ ነው፣ ከመተማና ከትግራይ ቆላ ዛፉ እየተፋቀ የሚለቀም። እጣን ላይ ተመራማሪዎች በጣም የሚያተኩሩት ቦስዌሊክ አሲድ የሚባለው ነገር ላይ ነው፣ ይሄ ግን ከባድ ሞለኪውል ስለሆነ በእንፋሎት አይወጣም፣ ሙጫው ውስጥ ይቀራል። ማለትም ሰዎች ስለ ሙጫው ያነበቡትን ዘይቱ ላይ እየለጠፉ ነው የሚሸጡት። ዘይቱ ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ላይ የተሞከረበት ጥናት አለ፣ ሳህን ላይ ያለ ሴልን ግን በረኪናም ይገድለዋል፣ ሰው ላይ ካንሰር አድኗል የሚል ማስረጃ የለም። በፈረንጆቹ 2014 እኮ ኢሴንሻል ኦይል ኢቦላ ይከላከላል እያሉ ለሚሸጡ ኩባንያዎች የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያ ጽፎላቸዋል።

«አሮማቴራፒ የተጀመረው አንድ ፈረንሳዊ የተቃጠለ እጁን በስህተት ላቬንደር ዘይት ውስጥ ሲነክር ነው»

አሮማቴራፒ ማለት በነዚህ ዘይቶች መታከም ነው፣ ታሪኩ ግን ጣፋጭ ተረት ነው። ሰውየው ጋትፎሴ የሚባል ኬሚስት ነው፣ በፈረንጆቹ 1910 ላብራቶሪው ውስጥ ፍንዳታ ደርሶበት ሳር ላይ ተንከባሎ ነው እሳቱን ያጠፋው፣ ላቬንደሩን የተጠቀመው ቁስሉ ከተመረዘ በኋላ፣ አስቦበት ነው። እሱ ራሱ በ1937 ጽፎታል።

«እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው»

እንደሱም አይደለም፣ ይሄን የሚሉት ደሞ ያናድዱኛል። ጀርመን ውስጥ የላቬንደር ዘይት 80 ሚሊ ግራም ካፕሱል ሆኖ ለጭንቀት ፋርማሲ ይሸጣል፣ 10 ፐርሰንት የፔፐርሚንት ዘይት ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ መቀባት ለውጥረት ራስ ምታት ይረዳል፣ 5 ፐርሰንት ቲ ትሪ ጄል ብጉር ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ ቢሆንም። ልብ በሉ፣ ሁሉም ልኩ የታወቀ ነው፣ ካፕሱሉም ፋብሪካ ውስጥ የተመጠነ እንጂ ከብልቃጥ ውሃ ላይ የተንጠባጠበ አይደለም።

«ዘይት ነው፣ አይበላሽም»

ይበላሻል። አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይለወጣል፣ በተለይ የብርቱካንና የቲ ትሪ፣ ያኔ ቆዳ የመቆጣቱ እድል ይጨምራል። ተከድኖ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የእህቴ የብርቱካን ዘይት ሁለት አመት መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ሽታው ተቀይሮብኛል፣ አሁን በሱ የማርማላታ ጠርሙስ ላይ የሚቀረውን የስቲከር ሙጫ አስለቅቅበታለሁ፣ ጓንት አድርጌ፣ በጣም አሪፍ ይሰራል።