ከርፍ ምንድን ነው? ላሜራን እቤት አጥርቶ ለመቁረጥ

ከርፍ ማለት መጋዝ ወይም የግራይንደር ዲስክ ብረት ሲቆርጥ በልቶ የሚያጠፋው ስፋት ነው። ያሰመርነው መስመር ቀጭን ነው፤ መቁረጫው ግን ውፍረት አለው። ያ ውፍረት ብናኝ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል።

ጆተኒና ፕሌይስቴሽን ሲጫወት ያደገ የደሴ ልጅ እቤቱ አርኬድ፣ ማለትም ጆይስቲክና ቁልፍ ያለው የጌም መጫወቻ ሳጥን፣ ልሥራ ካለ ይሄን ነገር ቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ሳጥኑ ከኮምፔርሳቶ ይሠራል። ጆይስቲኩና ቁልፎቹ ለሚያርፉበት ፊት ግን እኔ ላሜራ እመርጣለሁ፤ 1.5 ሚሊ ቢሆን የእጅ ዱላ ይችላል።

በቁጥር እንየው። 60 ሳንቲ ርዝመት ያለው ላሜራ አለ እንበል። ከሱ ሦስት ባለ 20 ሳንቲ ቁራጭ ፈለግን። ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው። ዲስኩ 3 ሚሊ ከሆነ 6 ሚሊ ብረት ጠፋ ማለት ነው። ሦስት ሙሉ 20 በጭራሽ አይወጣም። ባለ 1 ሚሊ ስስ ዲስክ ብትጠቀሙ የሚጠፋው 2 ሚሊ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም መስመር ባንዴ አታስምሩ። አንዱን ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን አስተካክላችሁ፣ ከዚያ ቀጣዩን ለኩ።

ዋናው ነገር ከርፉ በየትኛው ወገን ይውደቅ የሚለው ነው። መልሱ ሁሌም በሚጣለው ወገን ነው። የሚጣለውን ክፍል ኤክስ አድርጉበት። መስመሩ ራሱ ሳይነካ ከሚፈለገው ቁራጭ ጋር ይቅር። ግማሽ ሚሊ ያህል ትርፍ ተዉና በሞረድ ጨርሱት። የበዛ ብረት በሞረድ ይቀነሳል፤ የጎደለ ግን አይቀጠልም።

እስክሪብቶ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መስመሩ ይወፍራል። ቦታውን በማርከር አጥቁሩት። ከዚያ በሹል ብረት፣ በማስመሪያ ተደግፋችሁ፣ አንዴ ጫር አድርጉ። ጥቁሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የሚያብረቀርቅ መስመር ይወጣል። ሞረዱ እሱ ጋ ሲደርስ በዓይን ይታወቃል።

የላሜራ መቀስ ከርፍ የለውም፤ ብረቱን ይቆርጠዋል እንጂ አይበላውም። ግን ጠርዙን ያጎብጠዋል፣ 1.5 ሚሊ ላይ ደግሞ እጅ ይጨርሳል። ለስስ ላሜራ ይሁን።

መብራት ከጠፋ አብሽሩ፣ የእጅ ብረት መጋዝ አለ። በኢንች 32 ጥርስ ያለውን ምረጡ። ጥርሱ ሰፊ ከሆነ ስሱ ብረት በጥርሶቹ መሃል ይገባና ይይዘዋል፣ ጥርሱንም ይሰብረዋል። ላሜራውን በሁለት ኮምፔርሳቶ መሃል አጣብቃችሁ አንድ ላይ ብትቆርጡት አይንቀጠቀጥም። መጋዙንም ትንሽ አጋድሙት።

በግራይንደር ከሆነ አንግል ብረት በመስመሩ ልክ አጥብቃችሁ እሰሩ። ዲስኩን በሱ አስደግፋችሁ መጀመሪያ ላይ ላዩን ብቻ ቦይ አውጡ። ሁለተኛው ዙር ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል። ስሱ ዲስክ ከተጣመመ ይሰበራል፤ ስብርባሪው ደግሞ ዓይን ያጠፋል። መነጽር ሳታደርጉ፣ የዲስኩን መከለያ አውልቃችሁ እንዳትጀምሩ፤ ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ቀዳዳም ከርፍ አለው። የጃፓን ዓይነት የአርኬድ ቁልፍ ዋናው ቀዳዳ 30 ሚሊ ነው፤ ለስታርት የሚሆነው ትንሹ 24 ነው። ክብ መጋዝ (ድሪል ላይ ተገጥሞ ክብ ቀዳዳ የሚያወጣው) 30 ተብሎ ሲሸጥ የሚለካው በውጪው ነው። ለዚህ ነው ተቆርጦ የሚወድቀው ክብ ከ30 የሚያንሰው። መጋዙ ትንሽ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ከ30 ያልፋል፤ ቁልፉም ይላላል። መጀመሪያ ቁራጭ ላሜራ ላይ ሞክሩና ቁልፉን አስገብታችሁ እዩት። ቀዳዳ ስትበሱ ላሜራውን በእጅ ብቻ አትያዙ፤ ድሪሉ ከያዘው ይሽከረከርና ጣት ይቆርጣል።

ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ላይ ሹል ፍናጭ ይቀራል። ሞረዱን በሁለቱም ፊት ሰያፍ ይዛችሁ አንሱት፤ ቀዳዳውን ውስጥ ለውስጥ በግማሽ ክብ ሞረድ። ደሴ ላይ ጉሙና እርጥበቱ ስለሚበዛ እርቃኑን የቀረ ብረት ቶሎ ይዝጋል። በዚያው ቀን ጠርዙን ጭምር አንቲረስት ቀቡት። ቀለሙም ውፍረት አለው፤ ቁልፎቹን የምታስገቡት ደርቆ ቀዳዳውን እንደገና ከለካችሁ በኋላ ነው።