ሰዓቱ «ልብህ 175 መታ» ካለ እውነት ነው?

ጠዋት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ የሚሮጥ ሰው ሲጨርስ መጀመሪያ የሚያየው እጁ ላይ ያለውን ስማርት ሰዓት ነው። ሰዓቱ ይጠቅማል። ስለሱ የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«ሰዓቱ ልቤን ያዳምጣል።»
አያዳምጥም። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ መብራት ቆዳ ላይ ይበራል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህንን ነው። ስንሮጥ ግን እጅም ሰዓቱም ይወዛወዛል፤ ያኔ የእግር ምትን ከልብ ምት ሊያምታታ ይችላል። ብዙ ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ መሬት ይረግጣል። እያወራችሁ፣ ዘና ብላችሁ እየሮጣችሁ 175 ካሳያችሁ፣ ምናልባት እግራችሁን እየቆጠረ ነው። ከአንጓው አጥንት ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ይረዳል። የንጋቱ ብርድም አለ፦ ቆዳ ሲቀዘቅዝ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ንባቡም ይዛባል። አንጓ ላይ ያለ ንቅሳትም ብርሃኑን ሊያግድ ይችላል።

«የደረት ቀበቶ አይሳሳትም።»
ደረት ላይ የሚታሰረው የልብ ምት መለኪያ ከሰዓቱ ይሻላል፤ የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚያነብ። በደረቁ ከታሰረ ግን እስኪያልባችሁ ድረስ የማይመስል ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ውሃ አስነኩት።

«800 ካሎሪ አቃጠልኩ!»
ግምት ነው። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 7 መሣሪያዎችን ፈትሸው፣ በካሎሪ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። ክትፎውን በሰዓቱ አታስሉት።

«የደሜ ኦክስጅን 88 በመቶ ነው፣ ታምሜያለሁ።»
የት ቆማችሁ? ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ጤነኛ ሰውም ከ90 በታች ቢወርድ የተለመደ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፤ ጥሩ ቁጥር አይቶ መዘናጋት። የኦክስጅን መለኪያው በብርሃን ስለሚሠራ የቆዳ ቀለም ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት የሆስፒታል መለኪያዎችን ተመልክቶ ነበር። መለኪያው ደህና ቁጥር እያሳየ ደም ውስጥ ግን ኦክስጅን ያነሰበት አጋጣሚ፣ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። አልጋ ላይ በተኛ ሰው ይህ ከሆነ፣ በብርድ በሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ያለው ሰዓት ምን ያህል ይታመናል? ተራራ ላይ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም መንገዳገድ ከመጣ፣ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን መውረድ ነው።