«አወቅሁ፥ ልጄ ሆይ፥ አወቅሁ»

የተወደዳችሁ ወገኖች፥ ብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ በሆዱ ይዞት የሚኖረውን አንድ ጭንቅ ዛሬ በእግዚአብሔር ቃል ፊት እናቅርበው። አባት አርጅቷል፤ ብቻውን መኖር እየከበደው መጥቷል። ልጁ የአረጋውያን መኖሪያ ገብቶ የሚያጥበው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው፣ ሌሊት ቢጠራ የሚሰማው ሰው እንዲያገኝ ይፈልጋል። አባት ደግሞ «ከዚህ ቤት የምወጣው ሬሳዬ ሲወጣ ነው» ይላል። ልጁ «አባቴን ልጥለው ነው ወይ?» እያለ እንቅልፍ ያጣል። አባት «ልጄን ሰለቸሁት» እያለ ያዝናል። ሁለቱም ይጸልያሉ፤ ግን አብረው አይጸልዩም።

ትእዛዙ «አባትህንና እናትህን አክብር» ይላል (ዘጸአት 20፥12)። በየትኛው ጣሪያ ሥር እንደሚኖሩ ግን አይናገርም። «ቤቴ ካስቀመጥኩት አከበርኩት፥ መኖሪያ ካስገባሁት አዋረድኩት» የሚለው ሒሳብ ከሰው ወሬ የመጣ እንጂ ከቃሉ የመጣ አይደለም። አባቱን እቤቱ አስቀምጦ ከ«እንዴት አደሩ» በቀር ሌላ ቃል የማያወጣ ልጅ አለ። እርሱ ትእዛዙን ጠብቋል ማለት ይከብደኛል።

ያዕቆብን እንመልከት። ዮሴፍ ሰረገላ ልኮ ወደ ግብፅ ሲያስመጣው ዕድሜው 130 ዓመት ነበር። ልጁን ለማየት እየጓጓ ተነሣ፤ ነገር ግን ቤርሳቤህ ሲደርስ ቆም ብሎ መሥዋዕት አቀረበ። እግዚአብሔርም በሌሊት ራእይ «አትፍራ» አለው። አትፍራ የተባለው ፈርቶ ስለ ነበር ነው። በዚያ ዕድሜ አገር ለቅቆ መውጣት ያስፈራል፤ እግዚአብሔርም ስለ ፍርሃቱ አልተቆጣውም። አብሮት እንደሚወርድ፥ ዮሴፍም በመጨረሻ ዓይኖቹን በእጁ እንደሚከድን ተስፋ ሰጠው (ዘፍጥረት 46፥1-4)። ልጆች ሆይ፥ አባታችሁ «አልሄድም» ሲል እልኸኛ ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት የፈራ እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚያስ ያዕቆብ የት ኖረ? በዮሴፍ ቤት አይደለም፤ በጌሤም ምድር ነው፥ 17 ዓመት። ሲታመም ለዮሴፍ «እነሆ አባትህ ታምሟል» ብሎ የነገረው ሌላ ሰው ነበር (ዘፍጥረት 48፥1)። አንድ ቤት ቢኖሩ መልእክተኛ ባላስፈለገ። ዮሴፍ ግን ወሬው እንደ ደረሰው ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ሄደ። የልጅነቱ ፍቅር የታየው በዚያ ነው።

አሁን እኔ ከሁሉ የሚልቅብኝ ቦታ ላይ ደረስን። የያዕቆብ ዓይኖች ከሽምግልና የተነሣ ከብደው ማየት አይችልም ነበር። ዮሴፍ በኩሩን ምናሴን በአባቱ ቀኝ፣ ታናሹን ኤፍሬምን በግራው እንዲመርቃቸው አቆማቸው። ያዕቆብ እጆቹን አስተላለፈና ቀኙን በታናሹ ራስ ላይ ጫነ። ዮሴፍ ደስ አላለውም። የአባቱን እጅ ያዘና ሊያነሣው ሞከረ፤ «አባቴ ሆይ፥ እንዲህ አይደለም» አለ። ዓይኑ ስለ ደከመ የተሳሳተ መሰለው። ዮሴፍ መልካም ልጅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ግብፅን በሙሉ ያስተዳድር የነበረ ሰው የአባቱንም እጅ ማስተዳደር ቀላል ሆኖ ታየው። ያዕቆብም እንቢ አለና «አወቅሁ፥ ልጄ ሆይ፥ አወቅሁ» ብሎ መለሰለት (48፥19)።

ይህ ቃል ዛሬም በስንት ቤት ሳይሰማ ይቀራል! የአባቱ ጉልበት ሲደክም አእምሮውም የደከመ የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው። ወንድምና እህት ተሰብስበው ይወስናሉ፥ ክፍሉን ያስይዛሉ፥ ቀኑን ይቆርጣሉ፥ አባት መጨረሻ ላይ ይሰማል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። አስቀድማችሁ «አባባ፥ በጣም የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» በሉ፥ ዝም ብላችሁም ስሙ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈራቸው ሕንፃው አይደለም። ማን እንደሚያጥባቸው፣ በራቸውን ዘግተው መጸለይ ይችሉ እንደሆነ፣ የእምነት አባት ገብቶ ሊጠይቃቸው ይፈቀድለት እንደሆነ ነው። አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት። ሌሊት ስንት ሰው ተረኛ እንደሚሆን አባታችሁ ራሳቸው ይጠይቁ። ለጥቂት ሳምንታት ሞክሮ መመለስ የሚፈቅዱ መኖሪያዎችም አሉ፤ ይህንን በር ክፍት አድርጉላቸው።

ለእናንተም ለአባቶች ቃል አለኝ። ገለዓዳዊው ቤርዜሊ የ80 ዓመት ሽማግሌ ሳለ ዳዊት «ከእኔ ጋር ና፥ በኢየሩሳሌም እጦርሃለሁ» አለው፥ እርሱ ግን እንቢ አለ (2 ሳሙኤል 19፥31-39)። እንቢታው እንዴት ያለ እንደ ነበረ ተመልከቱ። «ምንም አልሆንኩም» አላለም። የምግብ ጣዕም መለየት እንዳቃተው፥ የዘፋኞችን ድምፅ መስማት እንደ ተሳነው በንጉሥ ፊት ዘርዝሮ ተናገረ። ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወድቀው ጠዋት ግንባራቸው ላይ ያለውን እብጠት «በሩ መታኝ» የሚሉ አባቶች አሉ። የማክሰኞ ክኒን በሣጥኑ ውስጥ እንዳለ «ወስጄዋለሁ» ይላሉ። አባቶቼ፥ እንቢ የማለት መብት አላችሁ፤ ግን እውነቱን ደብቃችሁ እንቢ ካላችሁ ልጃችሁ በጨለማ እንዲወስን ታስገድዱታላችሁ።

ዳዊትም ቤርዜሊን አላስገደደውም። ስሞ መርቆ አሰናበተው፥ በእርሱም ፋንታ ከመዓም የተባለውን ሰው ወሰደ። ሊሞት ሲልም የቤርዜሊን ልጆች ለሰሎሞን አደራ አለ (1 ነገሥት 2፥7)። አባት ቤቱ መቅረትን ከመረጠ ልጅ «እንግዲህ የራስህ ጉዳይ ነው» ብሎ እጁን አያጥብም። የሚረዳ ሰው ይፈልግለታል፥ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት ያስተክላል። ይህ ሸክም በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ተጥሎ ሌሎቹ ከሩቅ ምክር የሚልኩ ከሆነም ለራሱ ቤተ ሰዎች የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው የሚለውን 1 ጢሞቴዎስ 5፥8ን ሁላቸውም ያንብቡት።

የመርሳት ሕመም የያዘው አባት ነገር ከዚህ ይለያል። ስም መርሳት ብቻውን መወሰን አለመቻል አይደለም፤ ሐኪም ይመርምር። በእርግጥ ራሱን መጠበቅ ካልቻለ ግን ልጅ እያለቀሰም ቢሆን ስለ እርሱ መወሰን አለበት፥ ይህም ኃጢአት አይደለም። «ለሁለት ቀን ነው» ብሎ አታልሎ መውሰድን ግን አልደግፍም። ሊመርጥ የሚችለውን ይምረጥ፤ የሚለብሰውን ሸሚዝ፥ መስኮት አጠገብ የሚቀመጠውን ወንበር፥ የሚነበብለትን መዝሙር።

አባታችሁ አሁን በመኖሪያ ያለ እንደሆነ፥ «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» የሚለው ጸሎት (መዝሙር 71፥9) በእናንተ እግር ሊመለስ ይችላል። የምትሄዱበትን ቀን ንገሩት፥ በዚያም ቀን ተገኙ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፥ ከእጁ በታች አቁሙአቸው፥ ይመርቃቸው። እጁን የት መጫን እንዳለበት አታሳዩት።