ሲፒዲና ሽልማቱ በአዲስ አበባ ዳርቻ ትምህርት ቤቶች

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ መምህራን ሲፒዲ የሚሉት፣ መምህሩ ሥራ ላይ እያለ ሙያውን የሚያሳድግበት አሠራር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ጠበብ ይላል፦ ሲፒዲውን የጨረሰ መምህር ምን ያገኛል? የምናየውም እንደ የካ አባዶ፣ ጀሞና ቱሉ ዲምቱ ባሉ የከተማዋ ዳር ሰፈሮች ነው።

በንጉሡም በደርግም ጊዜ የክረምት ሥልጠና ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመምህሩን የደረጃ እድገት ከሙያ እድገቱ ጋር አያያዘው። ከዚያ በኋላ የወጣው ማዕቀፍ ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት መደበ። አዲስ ተቀጣሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአማካሪ መምህር እየታገዘ በሙያ ትውውቅ ያሳልፋል። ነባሩ ክፍተቱን ለይቶ ያቅዳል፣ ይተገብራል፣ ይገመግማል። ሥራው የሚሠራው በትምህርት ቤቱና ተጎራባች ትምህርት ቤቶች በጋራ በሚሠሩበት በጉድኝት ማዕከሉ ነው።

የሁሉም ማስረጃ ፖርትፎሊዮው ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል መደርደሪያ ላይ፣ ጀርባው ላይ ስም የተጻፈበት ክላሰር። ሲከፈት የግል ዕቅድ፣ የክፍል ምልከታ ቅጽ፣ የተግባራዊ ምርምር ወረቀትና የአማካሪው አስተያየት ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ በትጋት የሚሞላው አለ፤ እንዲህ ያለው መምህር ብዙም አይወራለትም እንጂ የትምህርት ቤቱ ምሰሶ ነው። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ከጓደኛው የሚገለብጥም አይጠፋም። ተማሪ ሲኮርጅ የምንቆጣው እኛው ነን እንግዲህ!

ሽልማቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የደረጃ እድገት ነው። መሰላሉ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ በከፍተኛ መምህር በኩል እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ይወጣል። ደረጃው ሲያድግ ደመወዝም ያድጋል። ይሁንና 60 ሰዓት መጨረስ ብቻውን ደረጃ አያስገኝም፤ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም ውጤትም ይታያሉ። ቅሬታው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶች ነጥቡ ለሥራ ሳይሆን ለቅርበት ይሰጣል ይላሉ፤ ይህ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚለያይ ይመስላል።

ሁለተኛው የምስጋናው ነው፦ የዓመት መዝጊያ ላይ የምስክር ወረቀት፣ ጭብጨባ፣ በጀት ካለ ስጦታ። ምስክር ወረቀት የታክሲ ሂሳብ አይከፍልም የሚለው ቀልድ ዳር ላይ ትርጉም አለው። ሥልጠናው ከሰዓት በኋላ ካለቀ፣ መምህሩ የሥራ መውጫ ሰዓት ሰልፍ ውስጥ ይገባል። አበል ያለው ሥልጠና አዳራሽ የሚሞላውም ወዶ አይደለም።

በ2016 ክረምት ትምህርት ሚኒስቴር የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በዩኒቨርሲቲዎች አሠልጥኖ መጨረሻ ላይ ፈትኗል። ከክላሰር ይልቅ ዕውቀትን መለካቱ ጥሩ አካሄድ ነው።

ከወሰኑ ማዶ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ፣ ማዕቀፉ ያው አገር አቀፉ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ግን የሸገር ከተማ ስለሆኑ ተጠሪነታቸው ለኦሮሚያ ነው።