የብስክሌት ሄልሜት ማስታወቂያና ጎጃም

በጎጃም የሳይክል ነገር ሲነሳ ቀድማ የምትጠራው ባሕር ዳር ናት። ከተማዋ ሜዳ ላይ ናት፤ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች አሏት። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ የቀን ሠራተኛውም በሳይክል ይሄዳል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌተኛ መስመር ተለይቶለታል። ሄልሜት ያደረገ ሰው ግን እምብዛም አይታይም።

የሄልሜት ማስታወቂያ የሚሠራው ይህን ልማድ ለመቀየር ነው። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በቢልቦርድና በትምህርት ቤት ይቀርባል። ጭንቅላት ላይ የሚያተኩረውም ያለ ምክንያት አይደለም። እጅና እግር ቢሰበር ወጌሻም ሐኪምም ይጠግነዋል። የተጎዳ አንጎል ግን እንደዚያ አይጠገንም። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወጥቶ ነበር። በዚያ መሠረት አደጋ ከደረሰባቸው ብስክሌተኞች መካከል ሄልሜት ያደረጉት ለከባድ የጭንቅላት ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው በ69 በመቶ ገደማ ያንሳል።

ማስታወቂያው ብቻውን ምን ያህል ይሠራል? እዚህ ላይ የሌላው ዓለም ልምድ ብዙ ያስተምራል። በአሜሪካ የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 ለልጆች የሄልሜት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው በምክር አላበቃም፤ ለወላጆች የዋጋ ቅናሽ ኩፖን ይሰጥ ነበር። ሄልሜት የሚያደርጉ ልጆች በ1987 ከነበረው 5.5 በመቶ በ1992 ወደ 40.2 በመቶ አደጉ። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ደግሞ ለዓመታት ስትቀሰቅስ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1990 ግዴታ አደረገችው። ከሕጉ በፊት 31 በመቶ የነበረው ተጠቃሚ በአንድ ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ደረሰ። ቅስቀሳ መንገድ ይጠርጋል። ሰው እጅ ላይ ሄልሜቱን የሚያኖረው ግን ዋጋው ወይም ሕጉ ነው።

የአቀራረቡ ነገርም አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የጀርመን ትራንስፖርት ሚኒስቴር የውስጥ ልብስና ሄልሜት ብቻ ያደረጉ ሞዴሎችን በፖስተር ላይ አወጣ። ሴትን ያዋርዳል ተብሎ ብዙ ተወቀሰ። በ2021 ዴንማርኮች ለዘረፋ ሊዘምት የተነሳ የቫይኪንግ አለቃ ሄልሜት አላደርግም ብሎ ሲከራከር አሳዩ። ሰው ሳቀ፤ መልእክቱም አብሮ ገባ። ደም እያሳዩ ማስፈራራት ግን ለእኛ አይበጀንም ባይ ነኝ። የፈራ ወላጅ ሄልሜት ከመግዛት ይልቅ ልጁን ከሳይክሉ ያስወርደዋል።

ለጎጃም የሚሠራ ማስታወቂያ የጎጃምን ሰው ምክንያት መስማት አለበት። ይሞቃል፤ ሹሩባ ያበላሻል፤ ውድ ነው፤ ደግሞስ እዚሁ ቅርብ አይደል የምሄደው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ፖስተር ግድግዳ ከማሳመር አያልፍም። ሳይክል የሚያከራዩ ልጆች ሄልሜቱን ከሳይክሉ ጋር ቢሰጡ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል። ባሕር ዳር ላይ የተቀመጠው አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን)፣ የትምህርት ቤት ሚኒሚዲያና የትራፊክ ፖሊስ ደግሞ ድምፁን ያደርሳሉ። እናት ለልጇ፣ መምህር ለተማሪው ሲናገር የሚሰማበት አገር ነውና ተናጋሪው ከዚያው ቢመረጥ ጥሩ ነው።

ማስታወቂያው አደራረጉንም ማሳየት ይኖርበታል። ሄልሜት ወደ ኋላ ገፋ ተደርጎ አይደረግም። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቀራል። ማሰሪያው ከጆሮ ሥር ይገናኛል፤ አገጭ ሥር ከአንድ ወይም ከሁለት ጣት በላይ ማስገባት የለበትም። ውስጡ ያለው ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶን የሚመጣው ዓይነት ፎም ነው። ሲመታ እየተጨፈለቀ ኃይሉን ይቀበላል። ስለዚህ አንዴ በአደጋ የተመታ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ይጣላል።

ተቺዎችም አሉ፤ ክርክራቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሆላንዶች ሄልሜት የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው፤ ሆኖም ከመኪና የተለየ መንገድ ስላላቸው በሰላም ይነዳሉ። ሸክሙን ሁሉ ብስክሌተኛው ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም ይላሉ። እውነት አላቸው። ሄልሜት በፍጥነት የሚመጣ አይሱዙን አያስቆምም። ስለ ሄልሜት የሚናገር የሬዲዮ ማስታወቂያ ለሾፌሩም ፍጥነት ቀንስ፣ ስታልፈው ራቅ በል፣ የባጃጅህን አቅጣጫ ሳታይ አትቀይር ማለት አለበት።